ጉርብትና ስንት ብር ያወጣል?

በዘመናችን የፖለቲካ አነጋገር «ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል ለስድብ የቀረበ ነው። ይህ ስም የተሰጠው ሰው አዲስ ነገር ሲያይ የሚደነግጥ፣ የመንገድ መብራት የሚያስጨንቀው፣ አስፋልት ሲነጠፍ የሚያለቅስ ተደርጎ ይታሰባል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደግን እኛም ስሙ ሳንጠይቅ ተሰጥቶናል። አንመልሰውም። ነገር ግን ወግ በአማርኛ ሁለት ፍቺ እንዳለው ማስታወስ እንወዳለን። ወግ ሥርዓት ነው፤ ወግ ጨዋታም ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ የሀገሩም የጓዳውም ጉዳይ የሚነሣበት ጨዋታ ወግ ይባላል። እንግዲህ ወግ አጥባቂ ማለት የሚያወጋው ጎረቤት እንዳያጣ የሚሠጋ ሰው ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ሥጋቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ወር ማብቂያና በመጋቢት መባቻ፣ ምእመናን ዐቢይ ጾምን ለመቀበል በሚዘጋጁበት ሰሞን፣ ከሙዚየሙ ብዙም የማይርቀው ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ መንደሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደ መሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተወሰዱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። በሁለቱ መካከል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ተወ። ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ በባንክ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ጋዜጠኞች የመጀመሪያውን በከተማ ልማት ዓምድ፣ ሁለተኛውን በኢኮኖሚ ዓምድ ዘገቡት። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ማጽደቁን ሰማን፤ ስለ ብስክሌት መንገዱ ርዝመትም ሰማን። በድሀ ቤት ግን ዓምድ የለም። ሁለቱ ዜናዎች የሚገናኙት በአንዲት ጠባብ ማጀት ውስጥ ነው። በማጀቷ ሆነን ስንመለከት የታየን ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ውሳኔ ሁለተኛው ሲመጣ ሰው የሚደገፍበትን ምሰሶ አስቀድሞ መንቀሉ ነው።

ይህን ስንል የፈረሰውን መንደር ገነት አድርገን ለመሣል አይደለም። ጣራው ያፈስስ እንደነበረ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀም እንደነበረ፣ ክረምት ሲገባ የጭቃ ግድግዳው እየራሰ ይናድ እንደነበረ የምናውቅ ሰዎች ነን። አሮጌ ሁሉ ቅዱስ ነው የሚል እምነትም የለንም። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን መሥሪያ ቤት ነው። የእኛ «ጥንታዊ ሰፈር» የሌላው ሰው «አዲስ ፕሮጀክት» ነበረ ማለት ነው። በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ አሮጊቶች ሳይሰናከሉ ሲሄዱ፣ ማታ በብርሃን ሕፃናት ሲሯሯጡ አይተን ደስ ብሎናል። ለብስክሌት የተከለለው መንገድ ብስክሌት እስኪመጣለት ድረስ ለሙሽሮች ፎቶግራፍ ማገልገሉንም አንቃወምም።

የምንጠይቀው ሌላ ነው። ከቤቱ ጋር አብሮ ምን ተነሣ?

ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወረሰ። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ነገር ከዚያ አዋጅ ተወለደ። አዋጁ ብዙ ግፍ ነበረበት፤ በዚያው ዓመት የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያንም መተዳደሪያዋን ያጣችው በዚሁ መንፈስ ነው። ሆኖም ሰው ግፍ በተፈጸመበት ቦታም ኑሮ ይሠራል። ኪራዩ አነስተኛ፣ ቤቱ ጠባብ፣ የሚያድሰው ባለቤት የሌለው ስለ ነበረ ተከራዩ የጎደለውን ሁሉ በጎረቤት ሞላው። ምጣድ የሌላት ከጎረቤት ምጣድ ጋገረች። ልጇን የሚጠብቅላት ያጣች እናት ለጎረቤት ትታ ሥራ ሄደች። ግድግዳው ስስ ስለ ነበረ የታመመ ሰው ሲያቃስት ከወዲያኛው ቤት ይሰማል፤ ይህም እንደ ችግር ሊቆጠር ይችላል፣ ሌሊት ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ያገኘውም በዚያው ስስ ግድግዳ ምክንያት ነው። በአዲሱ የጋራ መኖሪያ ቤት ግድግዳው የብሎኬት ነው። ድምፅ አያሳልፍም።

ከዚህ ሁሉ በላይ እድር ነበረ። የእድር አሠራር ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የለመድነውን ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልብ ሳንለው እናልፋለን። አባላቱ በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ። ከመዋጮው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳሕን ይገዛል፤ ዕቃው በመንደሩ ውስጥ በአንድ መጋዘን ይቀመጣል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ መንደሩን ይዞራል፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮና ወጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ሐዘንተኛው ሦስት ቀን ብቻውን አይተውም። ይህ ሁሉ የተመሠረተው አባላቱ በእግር በሚደረስበት ርቀት ይኖራሉ በሚል እሳቤ ላይ ነው። አሁን ድንኳኑ አንድ ክፍለ ከተማ፣ ሊቀ መንበሩ ሌላ ክፍለ ከተማ፣ ገንዘብ ያዡ ሦስተኛው ውስጥ ናቸው። ጥሩምባው በቴሌግራም ተተክቷል። መልእክቱ በእርግጥ በፍጥነት ይደርሳል፤ «ነፍስ ይማር» የሚለውም ጽሑፍ በደቂቃ ውስጥ ይበዛል። ሬሳውን የሚሸከሙ ስድስት ሰዎች ለመሰብሰብ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ ሚኒባስ ከተገኘ ነው።

የጽዋ ማኅበሩም እንዲሁ። በመታሰቢያ በዓሉ ቀን ጠላውና ዳቦው ይቀርባል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ድሮ ጽዋው መንገድ አቋርጦ ይሄድ ነበር። ዛሬ ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው በሁለት ታክሲ የሚያጓጉዙ እናቶች አሉ። ረዳቱ «እማማ፣ ምንድን ነው የያዙት?» ሲላቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሕጉ ይህን ፈጽሞ አላየውም ብንል ግን ሐሰት እንናገራለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳ የሚል ነገር አስገብቷል። ይህን ስናነብ ከአርቃቂዎቹ መካከል አንድ ወግ አጥባቂ ሳይኖር አልቀረም ብለን ጠረጠርን። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ያለው ካሳው ለአንድ ሰው በገንዘብ ተሰልቶ የሚሰጥ መሆኑ ላይ ነው፤ ጉርብትና ደግሞ የአንድ ሰው ይዞታ አይደለም። ለእያንዳንዱ ድርሻውን ሰጥቶ መሸኘት የእድሩን ድንኳን በመቀስ ቆራርጦ ለአባላቱ እንደ ማከፋፈል ነው። ሁሉም ቁራጭ ጨርቅ ይደርሰዋል፤ ዝናም ሲመጣ ግን ማንም ከማንም ጋር አይጠለልበትም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ባለይዞታ ስላልሆነ ከካሳው ዝርዝር ይልቅ ከምትክ ቤት ዝርዝር ውስጥ ነው የሚፈለገው።

አሁን ወደ ሐምሌ 22 እንሂድ። የምንዛሬው ለውጥ የሚያስፈልግ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን፤ በባንክ ዋጋና በጓሮ ገበያ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ለዘላለም ሊቀጥል እንደማይችል ማንም ያውቃል። እኛን ያሳሰበን የዋጋ ንረት ሲመጣ ድሀ በምን ይቋቋመዋል የሚለው ነው። ዘመዱ አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ቤተሰብ የሚላክለት ዶላር በብር ሲመነዘር ስለ በዛ ቢያንስ ትንፋሽ አግኝቷል። ዘመድ ያልተሰደደለት ቤተሰብ ግን የነበረው መድን አንድ ነው፤ ዱቤ።

ዱቤን የምጣኔ ሀብት መጻሕፍት ብዙም አያነሡትም። የሰፈሩ ባለሱቅ ጠርዙ የተበላ አንድ ደብተር አለው። በደብተሩ ላይ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሽሮ፣ የባለዕዳው ስም ተጽፏል፤ ሙሉ ስም አይደለም፣ «የእነ እገሌ እናት» ነው የሚለው። ዋስ የለ፣ ወለድ የለ። ባለሱቁ የሚያበድረው ሴትዮዋን ሃያ ዓመት ስለሚያውቃት፣ ባሏ ደመወዝ የሚቀበልበትን ቀን ስለሚያውቅ፣ በጾም ወራት ዘይት እንደሚበዛባት ስለሚያውቅ ነው። ይህ ዕውቀት የትም ባንክ ውስጥ የለም። ቤቱ ሲፈርስ ደብተሩም ይዘጋል። በመጋቢት ወደ አዲስ ሰፈር የሄደች እናት ሐምሌ ላይ የዘይት ዋጋ ሲያሻቅብ በአዲሱ ሰፈር ሱቅ ፊት አምስት ወር እንኳ ያልሞላት እንግዳ ነች። ባለሱቁም እርሷ ራሱ እንግዳ ሆና በመጣችበት ሰፈር እንግዳ ሊሆን ይችላል። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይመለሱ» የሚለው ማስታወቂያ የተጻፈው ለእንዲህ ያለች ሰው ነው። በአምስት ወር ልዩነት የተወሰዱት ሁለት ውሳኔዎች በየራሳቸው ሲታዩ ምክንያት ሊቀርብላቸው ይችል ይሆናል፤ ተከታትለው ሲመጡ ግን በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ነው ያረፉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ውጭ አልቆመችም። ውሳኔው በተሰማ በዘጠነኛው ቀን ጾመ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ሕፃናቱ ሳይቀሩ የሚቆርቡ ስለሆነ በቤተ ልሔም ያለው ዝግጅት ከሌላው ጊዜ ይበዛል። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ከደረቅ ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው፤ ዘቢቡም በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስንዴው የሀገራችን ነው እንበል፤ ዕጣኑም የሀገራችን ነው፣ ነገር ግን የውጭ ገዢ ስላለው ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይወጣል። የአልባሳቱ ጨርቅ፣ የጥላው ጌጥ፣ የድምፅ ማጉያው ሁሉ የምንዛሬ ልጆች ናቸው። የነዋየ ቅድሳት ሻጮች ዋጋ ሲናገሩ ቀና ብለው ማየት ያፍራሉ። በቅዳሴው ዶላር አይጠራም፤ በቤተ ልሔም በር ግን ገብቶ ተቀምጧል። በከተማ ያለ ትልቅ ደብር ይህን ይችለዋል። ሙዳየ ምጽዋቱ ከሳንቲም በቀር የማያውቅ የገጠር አጥቢያ ግን ዘቢብ በፍሬ ወደ መቁጠር ይደርሳል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደረገውን ሙግት ስንከታተል የሚገርመን ነገር አለ። ደጋፊው የሌሊቱን መብራት ፎቶግራፍ ያሳያል፤ ተቃዋሚው የፈረሰውን ግድግዳ ፎቶግራፍ ያሳያል። አንዱ ስለ ድንጋዩ ውበት ይናገራል፤ ሌላው ስለ ድንጋዩ ታሪክ ይናገራል። ሁለቱም ስለ ድንጋይ ነው የሚናገሩት። የጣይቱ ሆቴልን ያህል ስም ያለው ሕንፃ ሲነካ ብዙ ጩኸት ይሰማል፤ ሊሰማም ይገባል። የሃያ አባላት የጽዋ ማኅበር ሲበተን ግን ቅርስ ነው ብሎ የሚመዘግብ ማንም የለም። አዲስ አበባ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ መሆኗን ያስታውሷል።

እስከዚህ ድረስ መንግሥትንና ሕጉን ተናገርን። በመቅደሱ በኩል ያለውን ዝም ብንል ግን ሚዛናችን አባይ ይሆናል። ቃለ ዓዋዲው ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ምእመናንን በየአጥቢያቸው እንድንመዘግብ፣ በሰበካ ጉባኤ ካህኑንም ምእመኑንም ወጣቱንም እንድናስተባብር አዝዞናል። መዝገቡ አለ። የተነሡት ቤተሰቦች ስም በመዝገቡ ላይ አሁንም እንዳለ ነው። ከስማቸው ትይዩ «ወዴት ሄዱ?» የሚለውን የሞላን ስንቶቻችን ነን? ምእመናን ከመሃል ከተማው ሲወጡ በብዙ አድባራት መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ የገቢ መቀነስ ነበረ። ሁለተኛው በቅጥሩ ዙሪያ ስላሉት ሱቆች ኪራይ ነበረ። ስለ በጎቹ የተጠየቀው ሦስተኛ ላይ ነው፤ ያውም ሰዓቱ ስላለቀ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የራሱ ኮሪደር ልማት አለው፤ እብነ በረድና የበር ጌጥ ይወዳል።

የንስሐ አባትን ነገር እናንሣ። የንስሐ አባት በዓመት አንድ ጊዜ ጠበል ለመርጨት ብቻ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ በመሃል የሚገባ፣ ልጅ ሲወለድ ለክርስትናው የሚጠራ፣ የታመመውን የሚጠይቅ፣ የሞተውን ከፍትሐቱ እስከ ሠልስቱ፣ ከአርባው እስከ ሙት ዓመቱ የሚያስብ አባት ነው። አንድ ካህን በአንድ ሰፈር ውስጥ ሠላሳና አርባ ቤተሰብ በእግሩ እየዞረ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ እነዚያ ልጆቹ በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል። ካህኑ ገላን ጉራ ያለች አንዲት በሽተኛ ሊጠይቅ ቢነሣ ግማሽ ቀን ያልፋል፤ የመጓጓዣው ዋጋም ለአገልግሎቱ ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ ጥያቄ ያስነሣል። ምእመኗም አባን ማስቸገሩ ይከብዳታል። መጀመሪያ በስልክ ትጠይቃለች፣ ቀጥላ በበዓል ብቻ ትደውላለች፣ በመጨረሻ አትደውልም። በዚህ ዓይነት ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ሰው ሃይማኖቱን ካደ አይባልም። መንገድ ነው የራቀው። ክፍተቱን ሌላ ሰባኪ በሩን አንኳኩቶ ሲሞላው ግን ከእንቅልፋችን ተነሥተን «መናፍቃን ወረሩን» እያልን ጉባኤ እንጠራለን።

ሊደረግ የሚቻለው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከተማ አስተዳደሩ ሰውን ሲያዛውር በዕጣ ከመበተን ይልቅ አንድ እድር በአንድ ብሎክ እንዲሰፍር ቢያደርግ ወጪው ዝርዝሩን በሌላ ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ብቻ ነው። የአዲስ መንደር ፕላን ሲነደፍ የገበያ ማዕከልና የመኪና ማቆሚያ እንደሚታሰብ ሁሉ የእድር ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ፣ የአምልኮና የቀብር ቦታ ቢታሰብ ይገባል፤ ሰው በአዲስ ሰፈርም ይሞታል። ከተማዋን ለመሥራት የሚሮጡት ሰዎች የአገልግሎት ዘመን አጭር መሆኑን እንረዳለን፤ ምረቃ የሌለውን ሥራ መሥራትም ከባድ ነው። እድርን በአንድ ላይ ማስፈር ሪባን አይቆረጥለትም።

በእኛ በኩል ደግሞ ሥራው ከዚህም ይቀልላል። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ መዝገቡን ይግለጥ፤ የሄዱትን በስልክ ይፈልግ፤ አዲሱ አድራሻቸው ከየትኛው አጥቢያ እንደሚቀርብ አይቶ ለዚያ አጥቢያ አስተዳዳሪ ስማቸውን ይላክ። አዲሱ አጥቢያም እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተላከ አደራ ይቀበላቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ሥራ በአንድ ወር ውስጥ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ስልክ መነካካት እንደሆነ ለእነርሱ ፈተና አይደለም። እስከዚያ ድረስ ግን ቀድሞ የሚያውቋቸው ካህን በወር አንድ ቀን ወደ ልጆቻቸው ቢሄዱ፣ የታመመውን ቢጠይቁ፣ ጽዋው በሚነሣበት ቀን በመካከላቸው ቢገኙ ብዙ የተበጠሰ ነገር ይቀጠላል።

ለድምፅ ማጉያ እድሳት ያልተቸገረ ደብር ለዚህ የታክሲ ገንዘብ ያጣል ብለን አናምንም። ከየትኛው የበጀት ርእስ ወጪ እንደሚሆን ግን የደብሩ ሒሳብ ሹም ይንገሩን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።